የእህል ነጋዴዋ ይግባኝ

ደባርቅ ገበያ የበየዳ ገብስ ፈልጎ የወጣ ሰው የትናየት ያርጋልን ሳያገኝ አይመለስም። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እህሉን በመዳፏ ዘግና አይታ ዋጋውን አንድ ጊዜ ከተናገረች ወዲያ የማታወላውል ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ንግዱንም ሁለት ሴት ልጆቿንም ብቻዋን ይዛ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች።

ከደጋው ከበየዳ እህል የሚያመጡላት ሰዎች ሰው ሲታመምባቸውም የሚያወርዱት ወደ እሷው ነው። ሐኪም ቤቱ በሽተኛውን ይቀበላል፤ አስታማሚው ግን ማደሪያ የለውም፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ ደጅ የሚያሳድር አይደለም። ስለዚህ የትናየት መጋዘኗን ትከፍትላቸዋለች፤ በጆንያው መካከል አጎዛ አንጥፈው ያድራሉ። አንድ ጊዜ ቀኗን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር እዚያው ጆንያ ላይ ምጥ ያዛት። እናቲቱ በሰላም ተገላገለች፣ ልጁም ደኅና ሆነ፤ የትናየት ግን ነገሩ ከልቧ አልወጣ አለ። መንገድ ዳር ባላት ቦታ ላይ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባውና ፎቁ የአስታማሚና የወላድ ማረፊያ የሚሆን ቤት ልትሠራ ቆረጠች።

መሐንዲሱ ሙሌ ፕላን ነደፈላት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ጠየቀች። መልሱ ክልከላ ሆነ። ቦታው ተዳፋት ነው፣ ጎርፉ ከታች ያለውን ነዋሪ ይጎዳል፣ ስለዚህ ለማናቸውም ግንባታ አይሆንም የሚል ነው። ከታች ያሉት ነዋሪ የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ግቢያቸውን የተማሪ ጎጆ የሞላው ሽማግሌ። ተቃውሞ ያስገቡትም እሳቸው ነበሩ።

የትናየት ተናድዳ ለከተማው ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ልታመለክት ተነሣች። ለነፍሴ ብላ ባሰበችው ነገር የቤተ ክርስቲያን ሰው እንቅፋት ይሆንብኛል ብላ አልጠረጠረችም። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ዓይን ለዓይን ተያይተው ሳይሰላለሙ ተላለፉ። ይግባኙን የሚጽፍላት ጎረቤቷ ቻላቸው ሕግ ነክ ነገር ያውቃል፤ የኔታ የተቃወሙት በቅናት ነው የሚል ቃል አገባበት። እንዲህ ካልተባለ ይግባኙ ጥርስ አይኖረውም አላት። እሷ ግን ሲነበብላት አስቆመችው።

«ይህን እኔ አላየሁም» አለችው። «ያላየሁትን አልፈርምም።»

ለማየት ዝናብ ጠበቀች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከብድ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ የኔታ ግቢ ወረደች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ሲያዩዋት ገለል ብለው አሳለፏት። ዝናቡ እንደ ጀመረ ከእሷ ቦታ የተነሣው ውሃ አጥሩን ጥሶ መጣ። ተማሪዎቹ በዶማ እየቀደዱ ሊያስቀይሱት ቢታገሉም ከጎጆዎቹ አንዱ ውስጥ ገባ። ይህ እንግዲህ ባዶው መሬት የለቀቀው ውሃ ነው፤ ያን የሚያህል ጣሪያ ሲያርፍበት ምን ሊሆን ነው? ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ውጦት ቆማ ቀረች።

«የኔታ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ይህን አላየሁም ነበር» አለች።

«እኔም ቤቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም» አሉ።

በማግስቱ ሙሌን ፕላኑን እንዲቀይር ለመነችው። ቤቱ ከተዳፋቱ ይራቅ፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወደ ታንከር ይግባ፤ በአጥሩ ሥር በድንጋይ የታነጸ ቦይ ይውረድ አለች። ሙሌ አስቦ፣ እንዲህ ከሆነ ለሱቁ ቦታ አይተርፍም፣ ፎቁም ይቀራል አላት። ሱቁ የእርጅናዋ ተስፋ ነበር፤ ጆንያ ከመጎተት የምታርፍበት። እሷ ግን ይቅር አለች።

ይግባኙ በተሰማ ዕለት የጉባኤው ሰብሳቢ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ የተሰጠው ውሳኔ ስሕተት ነው ይላሉ ወይ ብለው ጠየቋት። ቻላቸው በዓይኑ አዎ በዪ እያላት ነበር።

«ያ ቤት መከልከሉ ልክ ነው» አለች የትናየት። «ቢሠራ ኖሮ የየኔታን ተማሪዎች ውሃ ይወስድብኝ ነበር። ይግባኝ የምለው ቦታው ለምንም አይሆንም በመባሉ ነው። አዲሱን ፕላን ይዩልኝና ይፍረዱኝ።»

የኔታም ተጠየቁ። «የተቃወምኩት ለልጆቹ ብዬ ነው» አሉ። «ቦዩ ይቅደም፤ ክረምት ይፈትነው። ውሃውን ከመለሰ ግን የታመመ ሰው ማደሪያ የምከለክል እኔ ማን ነኝ?»

ጉባኤውም እንዲሁ ወሰነ፤ ጠቅላላው ክልከላ ተነሣ፣ የቤቱ ፈቃድ ግን ቦዩ ክረምት ተሻግሮ እስኪታይ ይቆይ ተባለ። ቻላቸው ግማሽ ሽንፈት መስሎት አዘነ። እሷ ግን ሳምንት ሳይሞላ ግንበኛ አስገባች። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ድንጋይ እያቀበሉ በጋውን አብረው ሠሩ።

ክረምቱ ሲመጣ ከየኔታ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆማ ውሃውን አየች። በአዲሱ ቦይ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተ ወደ ከተማው ዋና ቦይ ወረደ፤ ጎጆዎቹ ደረቅ ነበሩ። ከመስቀል በኋላ ፈቃዱ እጇ ገባ።

ዛሬ ቤቱ ቆሟል። ፎቅ የለው፣ ሱቅ የለው፤ ንጹሕ ክፍሎችና ሙቅ ብርድ ልብስ ግን አለው። የትናየትም እስካሁን ጆንያዋን ትጎትታለች። በሽተኛ ይዞ የወረደ የበየዳ ሰው ገበያ ላይ ፈልጎ ሲያገኛት፣ ከእህሉ ቀና ሳትል ቁልፉ ከየኔታ ዘንድ ነው ብላ መንገዱን ታሳየዋለች።