ላምዱአን ለሙሽሪት ያዋሰቻት አንደበት

ላምዱአን በወጣትነቷ ያልሞተችው ሞት የለም። ተወግታ፣ ሰጥማ፣ መርዝ ጠጥታ፣ በናፍቆት ተቃጥላ ሞታለች። ሞታ ስታበቃ ደግሞ ብድግ ብላ የሆድ ትል መድኃኒት ትሸጣለች።

ያኔ ከባንኮክ ርቀው ወዳሉት የቡሪራም መንደሮች የሚመጡት ፊልሞች ድምፅ አልነበራቸውም። ላምዱአንና ባሏ ታዊን ፊልም በነፃ እያሳዩ መድኃኒት ከሚሸጡት ነጋዴዎች መኪና አጠገብ ማይክሮፎን መሐል አድርገው ይቀመጡና፣ ሸራው ላይ አፉን ለከፈተ ሁሉ ድምፅ ይሆኑታል። ሴቱ፣ ሕፃኑና መንፈሱ የእሷ፤ ወንዱ፣ ጎሹና ነጎድጓዱ የእሱ። ዓይናቸው ከሸራው ስለማይነቀል፣ ተራ ሲደርስ አንዱ የሌላውን ጉልበት ነካ ያደርጋል። የሰው ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ፊልሙ ቀጥ ይላል። መድኃኒት ካልተገዛ ጀግናው ከገደል አይወርድም።

ከሁሉ የሚወደደው «የሙን ማዶዋ ሙሽራ» ነበር። መጨረሻው ላይ ባልየው ጥሏት በጀልባ ሲሄድ፣ ሙሽሪት ሙን ወንዝ ዳር ቆማ «ሂድ! እግርህ እዚህ እንዳይመለስ!» ትላለች። ከባንኮክ የመጣው የንግግር ወረቀት እንዲያ ነው የሚለው።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስቱ ክፉኛ ተጣሉ። ታዊን ልብሱን በሻንጣ ከቶ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቡድን ሊሄድ ቆርጦ ተቀመጠ። የወንዙ ዳር ትዕይንት ደረሰ። ላምዱአን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን ትታ ባሏን አየችው። የወረቀቱ ቃል ከአፏ አልወጣ አለ።

«ሂድ እንግዲህ» አለች። «ሩዝህን ግን በቅርጫቱ ክድን አድርጌ አቆይልሃለሁ።»

ይሄ አልበቃ ብሏት ጉልበቱን ነካ አደረገችው። ወረቀቱ ላይ ባልየው መልስ የለውም። ታዊን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«ከቀዘቀዘም እበላዋለሁ» አለ።

መንደሩ በለቅሶ ተናወጠ፤ መድኃኒቱም አለቀ። ሻንጣው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ሁሉ ሰው ሌላ መጨረሻ አልቀበል አለ፤ «የሩዙን አምጪ!» እያለ ይጮሃል።

ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ታዊን እንግዲህ ካቻምና ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሰሰበትና ዝም አለ። አንዲትም ቃል የለችም። ያከመችው ነርስ «አንዳንዴ የድሮ ነገር ሲሰሙ ቃል ይወጣላቸዋል» ብላ ነበር። ላምዱአን ዘፈነችለት፣ ጸለየችለት፣ በመጨረሻም «አንተ ሽማግሌ፣ ምናለ ብትሰድበኝ!» ብላ ጮኸችበት። ምንም።

ታዲያ የእህቷ ልጅ ኦራፒን፣ ገበያ ማዕከል ውስጥ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው፣ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ ሙሽሪትን እንደገና ሠሯት! ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ እወስዳችኋለሁ።»

«በማን ድምፅ?»

«በራሷ ነዋ! አሁን እኮ ሁሉም በየአፉ ነው የሚያወራው።»

«እንዴ፣ ለአንድ አፍ ብቻ ነው ሰው የሚቀጠረው? እኔ በአንድ ቀን ስምንት ሰው ሆኜ እሠራ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሩዙንስ ትለዋለች?»

«እኔ በምን አውቄ፣ አክስቴ?»

ላምዱአን ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣች። በወረቀቱ ከሠሩት ሙሽሪት መራገሟ ነው። ሩዙን ካለች ግን፣ ማን ያውቃል፣ ታዊን ሰምቶ ይናገር ይሆናል…

አዳራሹ ይበርዳል። የታዊንን ተሽከርካሪ ወንበር ጥግ ላይ ከላምዱአን ጎን አስጠግተው ብርድ ልብስ ደረቡለት። ሸራው በራ፤ ላምዱአንም አፏን ከፍታ ቀረች። ሙን ወንዝ ግድግዳ አክሎ ፈሰሰ። ሙሽሪት ስትተነፍስ እንኳ ይሰማል! እንዲህም ይቻላል ለካ! ያች የድሮዋ፣ በፊልም ጭረት የተሞላችው ልጅ፣ ሥጋ ለብሳ መጥታ ፊቷ ቆመች። ላምዱአን እንደ ሕፃን ተደነቀች።

ጀልባው መጣ። ባልየው ተሳፈረ። ሙሽሪት ወንዙ ዳር ቆመች።

ድሮ ቢሆን የመድኃኒት መሸጫው ጊዜ አሁን ነበር። ይህን የምተርከው እኔ ግን የምሸጠው ስለሌለኝ ይህን ብቻ ልናገር፤ የአዲሱ ፊልም ጸሐፊ የጎረቤቱ የሱሪን ክፍለ ሀገር ልጅ ናት። እናቷ ከዚያ መኪና ፊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የሰማችውን ነግራት፣ እሷም ፊልሙ ድሮም እንዲያ የሚል መስሏት ጻፈችው። የኛ አገር ሰው ሁሉ የሚምልበት ስህተት ነው።

«ሂድ እንግዲህ» አለች ሙሽሪት። «ሩዝህን ግን በቅርጫቱ ክድን አድርጌ አቆይልሃለሁ።»

ላምዱአን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ታዊን ግን እንዳለ ነው፤ ፈዞ ያያል። ሸራው ላይ ያለው ባልም አይመልስም። የዘመኑ ፊልም ዝምታ ይወዳል፤ ባልየው ጀልባው ላይ ተገትሮ ውኃ ያያል። ላምዱአን አስባ አይደለም፤ እጇ ራሱ ሄዶ የታዊንን ጉልበት ነካ አደረገ።

ብርድ ልብሱ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ከቀዘ…» አለ የዛገ ድምፅ። ኦራፒን ደንግጣ ዘወር አለች። «ከቀዘቀዘም… እበላዋለሁ።»

ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት «ይኸው! ይህችን እኮ ነው የቆረጧት!» ብለው ጮኹ።

ላምዱአንን አንድ ነገር ጉልበቷ ላይ ነካ አደረጋት። የታዊን ጣቶች ናቸው። ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ያች የስምንት ሰው አፍ የነበረች ሴትዮ ግን የምትለው ጠፋት።