ለእንግዳ የተቆለፈው ሽንት ቤት

እትዬ ፕሮፊራ የመንደራችንን ትምህርት ቤት ማጽዳት የጀመረችው ባሏ የሞተ ዓመት ነው። እኔ እዚያው ክፍሎቹን የሚያሞቀውን ምድጃ አነድዳለሁ፤ ስለዚህ አውቃታለሁ። የልጆቹ ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ያለ የጣውላ ዳስ ነበር። መቀርቀሪያ የለውም፤ በብርድ ወራት ነፋሱ ከሥር ይገባል፣ ወለሉም በረዶ ይሠራል።

ኋላ ጣሊያን ሄደው የሚሠሩት የመንደሩ ልጆች አዋጥተው ኮሪደሩ ጫፍ አዲስ አሠሩልን። ነጭ ሴራሚክ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና። እትዬ ፕሮፊራ አይታ አለቀሰች። ከዚያ እኛ ሞልዶቫውያን ቤታችን ያለውን ምርጥ ክፍል እንደምናደርገው አደረገችው። እናቷ የሠራችውን ምንጣፍ አነጠፈች፣ ጥልፍ ፎጣ ሰቀለች፣ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ለእንግዳ ነዋ። ማንንም አልገረመም። እኔም ቤት ትራስ እስከ ጣሪያ የተከመረበት፣ ማንም የማይተኛበት ክፍል አለ። ልጆቹ ዳሱ ጋ መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

ልጄ አኒሲያ ግን ዳሱን ስለምትፈራ ትምህርት ቤት ውሃ መጠጣት ተወች። ሽንቷን ይዛ ትውላለች። አንድ ቀን ጎኗን ደግፋ፣ በትኩሳት እየነደደች ቤት ገባች። ሐኪሙ «እንዲህ ከቀጠለች ኩላሊቷ ይጎዳል» አለ። እናቷ ደግሞ «በቃ! ብርዱ እስኪያልፍ ትምህርት የለም!» አለች። አኒሲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ጠዋት ግን እንጨት እንዳቀፍኩ እትዬ ፕሮፊራ አጠገብ ቆምኩ።

«ምነው፣ ሐውልት ሆንክ እኮ! አስቀምጠው እንጂ።»

«እትዬ… ያ ቁልፍ…»

«ሆድህን ነው? ዳሱ ያውልህ፣ እግር አለህ።»

«ለእኔ አይደለም። ለአኒሲያ ነው።»

እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እስከ ዛሬ ምን ዘጋህ፣ አንተ ጉቶ?»

«ምንጣፉ የእናትሽ ነው ብዬ…»

«እናቴ ብትሰማህ በዚያው ምንጣፍ ጠቅልላ ትወቃህ ነበር!»

ሄዳ ከፈተችው። ምንጣፉን ጠቅልላ ስትወጣ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ አርሴኒ ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«ፕሮፊራ፣ ከወረዳ ሰው ሲመጣ ምን ልናሳይ ነው?»

«ልጆቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ይዩዋ! ይልቅ ያዙልኝ፣ ይከብዳል።»

ጋሽ አርሴኒ ምንጣፉን በአንድ ጫፍ ያዙ።

በመጀመሪያው እረፍት ልጆቹ መግባት ፈሩ። በሩ ላይ ተሰልፈው ጫማቸውን አወለቁ። እትዬ ፕሮፊራ እስኪያንቃት ሳቀች። «ግቡ እናንተ! ሠርግ ቤት መሰላችሁ?»

አኒሲያ ሲሻላት ተመለሰች። እናቷ የለቀቀቻት ራሷ መጥታ ሽንት ቤቱን ካየች በኋላ ነው። የዚያን ቀን ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ ኮሪደሩን ስጠብቅ ዋልኩ። በእረፍት ልጄ ወጣች፣ አንድ ኩባያ ውሃ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ሲወርድ፣ እትዬ ፕሮፊራም «የጣቶችሽን መሃል! የጣቶችሽን መሃል እጠቢ!» እያለች ስትጮህ፣ አኒሲያም ስትስቅ ሰማሁ። እኔም እፎይ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።