በስንዴ ወረፋ ላይ የጠጣነው ጽዋ

ወሬው የደረሰኝ የቧንቧ ውሃ ወረፋ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ከመጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ባሌን ሥራ አመጣው፣ እኔን ባሌ አመጣኝ። ያን ቀን በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበርና ጀሪካኖቼን ደርድሬ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ የጎረቤቷን ጀሪካን ደብቃ ስታስገባ አይቼ በልቤ እየተቆጣሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው የሴት ድምፅ ነው።

«የመካነ ሰላሟ የአስካለ ልጅ ነዎት? እኔ የጥሩነሽ ልጅ ነኝ፣ ከኢሉባቦር። እማዬ አረፈች። ‹ጽዋው አንድም ወር አልተቋረጠም ብለሽ ለአስካለ ልጅ ንገሪያት› ብላኝ ነበር።»

ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ወረፋዬ ሲያልፍም አላወቅሁም።

ልጅ እያለሁ የወሩ ሃያ አንደኛ ቀን በአፍንጫዬ ነበር የሚታወቀኝ። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነው በየወሩ በየተራ ጽዋ ያነሳሉ። የተረኛዋ ቤት ጌሾ ጌሾ፣ ድፎ ድፎ ይሸታል። እኛ ልጆች ደጅ ላይ ቅልብልቦሽ እየተጫወትን «ኑ፣ ጸበል ቅመሱ» እስክንባል አንድ ጆሯችንን ወደ ውስጥ ጥለን እንጠብቃለን። ጽዋው ራሱ ተራ ነገር ነው፤ አንገቱ ቀጠን ያለ ጥቁር ሸክላ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። ወጉ ግን ጥብቅ ነው። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ለአላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይደርሳል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተነስታ ትቀበላለች። የተቀበለች ሴት ለማርያም ቃሏን ሰጥታለች ማለት ነው። ተቀባይ ከጠፋ ደግሞ ማኅበሩ ፈረሰ። በሴት አያቴ ዘመን የተጀመረው ያ ማኅበር ተቀባይ አጥቶ አያውቅም ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት «እግዚአብሔር የሚባል የለም» ሲሉን ውለው ቤት ስገባ እናቴ «እንግዲያው ማን አሳደረሽ?» ትለኝና ሥራዋን ትቀጥላለች። አባቴ ሥራ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ከሄደ ሦስት ወሩ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ተሰደደና ኅዳር ላይ የቀሩት አምስት ብቻ ሆኑ። የኅዳር ጽዮን ተራ የእናቴ ነበር። ጠላ የሚባል ነገር የለም። ከጓዳ ተጠርጎ የተገኘውን ገብስ ፈጭታ መዳፍ የምታህል አንድ ዳቦ ጋገረች። ታናሽ እህቴ እግሯ አብጦ መቆም አቅቷት፣ ያቺን ዳቦ በዓይኗ ብቻ ትከተላት ነበር። እናቴ ጥጓን ቆርሳ ሰጠቻትና የቀረውን ጠቀለለችው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ መልእክተኛ መጣ። «ስንዴ ገብቷል! ነገ መካነ ሰላም ስም ይጠራል። ያልተገኘ እስከ ሌላ ዙር የለውም!» ሌላ ዙር ማለት ለእህቴ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ገብቶኛል።

ጎረቤታችን «አስካሉ፣ ይህን ወር ዝለያት እቴ። ማርያም እንደሆነች ችግርሽን ታያለች» አለቻት።

«እሷ እኔን ዘላኝ ታውቃለች?» አለች እናቴ። በማግስቱ እህቴን ለዚያችው ጎረቤት ትታ፣ ጽዋውን በነጠላዋ ስር አድርጋ፣ ዳቦዋን እኔን አስይዛ ጉዞ ወደ ስንዴው ሆነ።

ያን ሜዳ ያየ አይረሳውም። የጆንያና የናፍጣ ሽታ፣ አቧራ፣ ሳል፤ ከከላላ ሳይቀር በእግሩ የመጣ ሰው ተሰልፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ ፈልገው አገኙን። እማማ ዘውዴ በዱላቸው፣ እህትማማቾቹ ብርቄና ደስታ ተደጋግፈው፣ እትዬ ጥሩነሽ እንደ ልማዳቸው እያወሩ። ሁሉም ከፊት የያዙትን ቦታ ለቀው እኛ ወዳለንበት ወደ ኋላ መጡ። የነፍስ አባታችንም እዚያው ተሰልፈው ነበር። እናቴ ለተሰላፊው ከተቀመጠው በርሜል ውሃ ለምና ጽዋውን ሞላችና «ጠላ የለም አባ፣ ውሃ ነው» አለቻቸው፣ አንገቷን ደፍታ።

«አብሽሪ ልጄ። ቃና ዘገሊላም የተጀመረው በውሃ ነው» አሉና ጸሎቱን በሹክሹክታ ጀመሩ።

ጽዋው እማማ ዘውዴ እጅ ሲደርስ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ። «ምን ስብሰባ ነው ይሄ? ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው!»

«ተሰለፉ ብላችሁን ነው'ኮ የተሰበሰብነው ጓድ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«የምትጠጡት ምንድነው?»

«ውሃ ነዋ! ወይስ እሱንም ስም ሲጠራ ነው የምንጠጣው?»

ወረፋው ሳቀ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔ በልቤ ‹አለቀልን፣ ከመዝገብ ሊሰርዘን ነው› ብዬ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። እናቴ ግን ቀና ብላ አየችው። «ጸሎት የተደረሰበት ውሃ ነው የኔ ልጅ፣ አንተም ጸሐይ ላይ ነው የዋልከው። ቅመስ።» ቆመና አሰበ። ከዚያ ጽዋውን ተቀበለ፤ በሁለት እጁ፣ እናቱ እንዳስተማረችው። ጠጣ፣ መለሰ፣ «ቶሎ ጨርሱ» ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ዳቦዋ ከዘጠኝ ተቆርሳ አንዷ ፍርፋሪ አጠገባችን ለተቀመጡ የከላላ ሴት ደረሰች። ሻሻቸውን አስተካክለው «አላህ ይቀበላችሁ» አሉ።

የቀረው ተቀባይ ነበር። አባ «ለታኅሣሥ ማን ይቀበላል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ለታኅሣሥ በሕይወት እኖራለሁ ብሎ ለማርያም ቃል የሚገባ ማን ነው? አባ ደገሙት። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ጽዋውን እንደያዘች ቀረች። ከሩቅ የስም ጠሪው ድምፅ ወደ እኛ ቀበሌ ተጠግቷል።

«ስጡኝ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«አንቺማ ለሰፈራ ተመዝግበሻል» አሉ እማማ ዘውዴ። «ከነገ ወዲያ መኪና ላይ አይደለሽ?»

«ታዲያ እሷ መንገድ አታውቅም? ግብጽ ድረስ ሄዳ የለም እንዴ!»

ያን ጊዜ ከሳቃችን መሐል «አስካለ!» ተብሎ ተጠራ። እናቴ ጽዋውን አስረክባ ሮጠች።

ታናሼ በዚያ ስንዴ ተረፈች። ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። ብርቄና እማማ ዘውዴ ግን ጥምቀትን አላዩም። ‹ጽዋው ስንዴ አመጣልን› ብዬ አንድ ቀን ስናገር እናቴ ክፉኛ ቆጣችኝ። «ማርያምን ነጋዴ አታድርጊያት። ስንዴው ባይመጣም ተራዬ ተራዬ ነበር።»

እኔ ዛሬ ጠግቤ አድራለሁ። ግን በወረፋ ስቆም፣ በባንክም በጤና ጣቢያም፣ ልቤ እዚህና እዚያ ትበተናለች፤ ለአንድ ጀሪካን ሰው እቆጣለሁ። እነዚያ ሴቶች በረሃብ መሐል ያልፈቱትን ልብ እኔ በጥጋብ ፈታሁት። ከዚያ ስልክ ወዲህ ግን ቆርጫለሁ። ወረፋ ስይዝ የምይዘው የጸሎት ሰዓቴ ነው፤ ልቤ ስትበተን እሰበስባታለሁ፣ ደግማ ስትበተን ደግሜ። በየወሩ ሃያ አንድም ጽዋ የምናነሳ ስድስት ሴቶች እዚሁ አርባ ምንጭ ተገኝተናል።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ያን ቀን እዚያ ሜዳ የነበራችሁ የመካነ ሰላም ልጆች፣ አንድ ነገር ነው። በቅዳሴ ስማቸውን ላስጠራላቸው ፈልጌ ቄሱ የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ የማውቀው የእናቴንና የእትዬ ጥሩነሽን ብቻ ሆኖ አፈርኩ። የእማማ ዘውዴን፣ የብርቄን፣ የደስታን፣ የአባን የክርስትና ስም የምታውቁ ላኩልኝ። ያንንም ጠመንጃ ያነገተ ልጅ የማን እንደነበር የምታስታውሱ ካላችሁ የእሱንም ጨምሩልኝ። ከጽዋው ጠጥቷል፤ ማኅበርተኛችን ነው።