ለራሱ የሠራው ቁልፍ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከአሮጌው ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ብቻ ነው። ባለቤቷን ሰፈርተኛው ሁሉ «ክፈተው» እያለ ይጠራዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ክፈተው ቁልፍ ሠሪ ነው ማለት ለነገሩ ያህል ነው። ቁልፍ የሚቀርጽማ በየመንገዱ ሞልቷል። እሱ ግን ቁልፉ የጠፋበትን በር ሳይቦረቡር፣ ሳይሰብር፣ ቀለሙን እንኳ ሳይጭር በሁለት ቀጫጭን ሽቦ የሚከፍት ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦዋን ወደ ቀዳዳው ይሰዳታል፤ በውስጥ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች አንድ በአንድ ሲነሡ በጣቱ ጫፍ ይሰማዋል። «እኔ የማየው በጣቴ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። መሰርሰሪያ ይዘው የሚዞሩትን የሙያ ባልደረቦቹን «የበር ነፍሰ ገዳዮች» እያለ ይሰድባቸዋል። ጉራ ይመስላል፤ ሥራውን ያየ ግን ጉራው እንዳነሰ ይመሰክራል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጣት መደንዘዝ ጀመረ።

መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ቀጥሎ የሞረዱ ጣጣ ነው አለ። አንድ ቀን የአንዲት አስተማሪ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ድሮ እያፏጨ የሚከፍተውን ዓይነት ቁልፍ ላብ በላብ እስኪሆን ታገለው። በመጨረሻ ተከፈተ። ሴትየዋ እሰይ ብላ መረቀችው፤ እሱ ግን ዘንጎቹን ጨርሶ አልሰማቸውም፣ በዕድል ነበር የከፈተው። ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ድምጿ ያለ ማይክራፎን እስከ መጨረሻው አውቶቡስ ይደርሳል። በነጋታው እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። የደሙን ውጤት አይታ አልተቆጣችም፣ አላስፈራራችም። «ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። የጣትዎን ነርቭ የሚጎዳው እሱ ነው። አሁን ከተቆጣጠርነው ሊቆም ይችላል፤ ካልሆነ ግን እየባሰ ይሄዳል» አለችው። መድኃኒት አዘዘችለት፣ አመጋገቡንም እንዲያስተካክል ነገረችው። የሌላ በሽታ ስም ሁሉ ቢደረደርለት ክፈተው አይደነግጥም ነበር። ጣትዎ ስትለው ግን ደነገጠ። ያለ ጣቱ እሱ ማን ነው? ከደረጃ ሥር ቁጭ ያለ አንድ ወፍራም ሰውዬ።

ክፈተው ደግሞ ነገር ሲይዝ እስከ ጥግ ነው። አስተካክል የተባለውን ምግብ ጭራሽ ሊተወው ተነሣ። ጠዋት ባዶ ሻይ። ለምሳ አንድ ኪያርና ግማሽ ቲማቲም። ራት ላይ ሰላጣውን ነካ ነካ አድርጎ «ጠገብኩ» ይላል። መናኸሪያው ጉድ አለ። ሾፌሮቹ ምሳ ሲጋብዙት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርብኝ» ይላቸዋል፤ እነሱም «መነኩሴው» እያሉ ያሞግሱታል። ሆዱ እየጮኸ አንገቱን ቀና አድርጎ በመካከላቸው ያልፋል።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የሚስቱ ትንፋሽ ከባድ ሲሆን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ይነሣል። «አንዲት ቁራሽ ብቻ» ይላል ለራሱ። በባዶ እግሩ ወደ ወጥ ቤት ይሄድና ፍሪጁን ከፍቶ በዚያችው ብርሃን ቆሞ ይበላል። ዳቦ፣ የቀዘቀዘ ሩዝ፣ ማርማላታ በማንኪያ፣ እንደገና ዳቦ። አያጣጥመውም። ሆዱ ተወጥሮ እያመመው እንኳ እጁ አያቆምም። ከዚያ ማንኪያውን አጥቦ፣ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠርጎ፣ እንደ ሌባ እያደባ ወደ አልጋው ይመለሳል። ጠዋት ሲነሣ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ያችን ግማሽ ቲማቲምም ይተዋታል። የሚቀጥለው ሌሊት ይብሳል።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ዳቦው አልቆ ማደሩ ሲደጋገምባቸው «ልጆቼ፣ እዚህ ቤት አይጥ ገብቷል» አሉ። አንድ ቀን ደግሞ ሊጠይቋቸው ለሚመጡ የልጅ ልጆቻቸው ያስቀመጡት የብስኩት ቆርቆሮ ባዶውን ተገኘ። ክዳኑ በሥርዓት ተከድኗል። «የዘንድሮ አይጥ ጨዋ ነው፣ ይከድናል» አሉ አማቱ ማንንም ሳያዩ። ክፈተው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የአማቱን ብስኩት የበላ ሰው ወዴት ይገባል? ያን ማታ ለሚስቱ ሁሉንም ዘረገፈላት።

«ወጥ ቤቱን ልቆልፈው» አላት በመጨረሻ።

«በምን?»

«በራሴ ቁልፍ ነዋ። መክፈቻውን አንቺ ትይዢዋለሽ።»

እዚህ ላይ ከመንገድ የተጠራ ማንም ሰው ስሕተቱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። እነሱ አላዩትም። እሷ የባሏን ሙያ ታምናለች፤ እሱ ደግሞ ከእሷም በላይ ያምንበታል። ሱቁን በጊዜ እየዘጋ፣ እየሞረደ፣ እየፈታ እየገጠመ የሠራው ቁልፍ በከተማው አቻ አልነበረውም። በሩ ላይ ገጥሞ ቆለፈው፣ ከፈተው፣ መልሶ ቆለፈው። «ይህን የሚከፍት ገና አልተወለደም» አለ። ሚስቱም መክፈቻውን ትራሷ ሥር ከተተችው።

የዚያን ሌሊት የተነሣው ለመብላት አልነበረም፤ ለራሱ የነገረው እንዲያ ነው። ሥራውን ሊፈትሽ ነው እንጂ! ሽቦዋን አስገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በደኅናዎቹ ጣቶቹ ታገለ። በሩ እጁን ሲሰጥ ደስታው ወሰን አጣ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሠርቶ፣ እሱኑ በጨለማ የከፈተ ማን አለ? ለድሉ አንድ ሙሉ ዳቦ በላ። በነጋታው «ደካማ ጎን አግኝቼበታለሁ» ብሎ አሻሻለው፤ ሌሊት የተሻሻለውን ከፈተ። እንዲህ ቀን ሲያጠብቅ ሌሊት ሲፈታ ሰነበተና የወጥ ቤቱ በር የባንክ ካዝና የሚያስንቅ ሆነ። አማቱ ውሃ በጠማቸው ቁጥር ልጃቸውን መቀስቀስ ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ አንድ ሌሊት ሽቦዋን አስገባና ጣቱን ምንም ነገር አልነካው አለ። ዘንጎቹ አሉ፤ ጣቱ ነው የሌለችው። እጁን በትንፋሹ አሞቀ፣ በልብሱ አሸው፣ ደግሞ ሞከረ። ምንም። ረሃቡም ንዴቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ገነፈሉና በዕድሜው አንድ በር ሰብሮ የማያውቅ ሰው መዶሻውን አንሥቶ መታው። ያ ሁሉ የተደከመበት ቁልፍ ከነእንጨቱ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

መብራት በራ። ሚስቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አማቱ ከኋላዋ ሆነው መጡ። ክፈተው መዶሻውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዳቦውን ግን ዞር ብሎ አላየውም።

«ጣቴ ሄደች» አላት። «ምንም አልተሰማኝም።»

ሚስቱ ስትመጣ ቤቱን በጩኸት ልታናውጠው ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘች። «ዛሬ ቀን ምን በላህ?» አለችው።

«ኪያር።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ አልበላሁም። ሌሊት በልቼ ስለነበር...»

«አንተ ሰውዬ! ቀኑን ሙሉ ተርበህ ሌሊት ጨዋ ልትሆን ነው? ማን ይችለዋል? እኔ እንኳ ምሳ ሲያልፈኝ መንገደኛ እሳደባለሁ!»

«ትሳደባለች» አሉ አማቱ ከኋላ።

በማግስቱ ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። ክፈተው አንገቱን ደፍቶ፣ የብስኩቱንም የመዶሻውንም ተናገረ። ሐኪሟ ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም። እንደሱ ሌሊት ተነሥቶ እጁ አላቆም የሚለው ሰው ብዙ እንደሆነ፣ ነገሩ ሕመም እንጂ ስግብግብነት እንዳልሆነ፣ ራስን ማስራብ ደግሞ እንደሚያብሰው አስረዳችው። መድኃኒቱን እየወሰዱ ባዶ ሆድ መዋልም አደጋ አለው። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት፣ በሰዓቱና በልኩ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ አዘዘችለት። «አንድ ሌሊት ቢያመልጥዎ እንኳ በማግስቱ ራስዎን አይቅጡ» አለችው።

ክፈተው የተሰበረውን በር ጠገነ፤ ቁልፍ ግን አልመለሰበትም። ሚስቱም የራሷን ሕግ አወጣች። ሌሊት ሲመጣበት እሷን ይቀሰቅሳታል፤ መብራት አብርቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሳህን ይበላል። ያቃተው መቀስቀሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሰው ሲጨንቀው እየተጠራ የኖረ ወንድ «ተነሺልኝ» ማለት ሞት መሰለው። አንድ ሌሊት ሲገላበጥ ሲገላበጥ ቆይቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። እሷም ተነሣች። እንቁላል ቀቀለችለት፣ እርጎ ቀዳችለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያዛጋች የመንገደኞቿን ጉድ አወራችለት። ያን ሌሊት ክፈተው አንድ እንቁላልና አንድ ኩባያ እርጎ በልቶ እንቅልፉን ለጥ አለ።

ቀን ቀን ምሳውን በዕቃ ቋጥሮ ይሄዳል። ሰዓቱ ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ፣ ደንበኛ ቢያጉረመርም እንኳ ተቀምጦ ይበላል። ሾፌሮቹ «ያ መነኩሴ የት ገባ?» እያሉ ይነካኩታል። «ራበውና ወጣ» ይላቸዋል እያኘከ።

ስኳሩ ቀስ በቀስ ወረደ። መደንዘዙ ከያዘው ጣት ወደ ሌላው ሳይሻገር ቆመ። ሌባ ጣቱ እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ ለመሀል ጣቱ አዲስ ሥራ አስተማራት። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ ሳለ አንዷ ዘንግ ከጣቱ ሥር ብድግ ስትል ጥርት ብላ ተሰማችው። እጁ ባለበት ቀረ። ባለመድኃኒት ቤቱ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ቢለው «ምንም፣ የድሮ ወዳጄ ናት» አለው።

ወሬዬ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሰው ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይድንም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንገደኛ ስለሚበዛ ሚስቱ ሌሊት ሌሊት ትኬት መስኮቱ ላይ ማደር ጀመረች። አንድ ቀን በር ተቆልፎበት ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ሊያወጣ ሲሯሯጥ ምሳው አለፈው፣ ራቱም ተዛባ። ሌሊት ያ ነገር መጣ። አልጋው ባዶ ነው። የአማቱ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። አማት በእኩለ ሌሊት ለእንቁላል ይቀሰቀሳል እንዴ? ወጥ ቤት ገባ። መብራቱን አላበራም። ዳቦውን ጨረሰ፣ ሩዙን ጨረሰ፣ ማንኪያውን አጠበ።

ጠዋት ሲነሣ የሚያውቀው ፍርድ አልጋው ላይ ጠበቀው። ዛሬ እህል አትቀምስም፤ ማንም አላየህም፤ ዝም በል። ያን ፍርድ አንድ ጊዜ ከተቀበለ ወዴት እንደሚያደርሰው ጣቶቹ ያውቃሉ። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ገበታው ጋ ቀረበ። አማቱ እንቁላልና የተቆረጠ ፍራፍሬ አቅርበው ከጎረቤት ያስመጡትን ዳቦ እየቆረሱ ነው። ክፈተው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ሌሊት ዳቦውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሩዙንም። ተሸንፌ አደርኩ።»

አማቱ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ቁርስስ?»

«እበላለሁ።»

«ታዲያ የታባቱ ነው ያሸነፈህ?» አሉና ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረጉለት። «ደግሞ እኔ ሌሊት መች እንቅልፍ ይወስደኛል? ሌላ ጊዜ አንኳኳ።»

ክፈተው አፈረ። ቢሆንም አንድ በአንድ እያላመጠ እንቁላሉን በላ፣ ዳቦውን በላ፣ መድኃኒቱን ዋጠ። ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ሌሊት በልቼ አደርኩ» አላት። ስልኩ ውስጥ የሰልፈኛው ጫጫታ ይሰማል። «ለእማማም ነግሬያቸዋለሁ። ቁርሴን ደግሞ አሁን ጨረስኩ። ሙሉውን።»

ሚስቱ ስልኩን ከአፏ ማራቅ ረሳች። «ባሌ ቁርሱን በላ!» ብላ ለተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ስታውጅ አማቱ ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ሰሙ። ሰልፈኛው ምን ገብቶት? ሆኖም አንድ ወፍራም ድምፅ ከወደ ኋላ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ሲል ተሰማ።

«አመሰግናለሁ» አለ ክፈተው፤ ሰውየው እንደማይሰማው እያወቀ፣ አማቱ ፊት እንባውን ሳይደብቅ።