አጎቴ የመረጠልኝ ባለ አንድ ምላጭ

በእኛ አገር፣ በዋግ፣ ጎልማሳ የመጀመሪያ ጠመንጃውን ለብቻው አይገዛም። የሚመርጥለት የእናቱ ወንድም ነው። ይህን ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አለኝ።

ሰቆጣ፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጠመንጃ ተጋድሟል። ሁለቱም ሁለት አፍ ናቸው። አንዱ ለየአፈሙዙ የየራሱ ምላጭ አለው፤ ሌላው በአንድ ምላጭ ሁለቱን በተራ ይተኩሳል። እኔ ባለ ሁለት ምላጩን አነሳሁ። አጎቴ ከእጄ ነጠቀኝ።

«ሁለት ምላጭ ለሚያመነታ ሰው ነው። ወንድ አንድ ልብ፣ አንድ ምላጭ።»

ነጋዴው፣ «አባባ፣ ይሄኛው እኮ ሁለተኛውን የሚያዘጋጀው የፊተኛው ጥይት ሰደፉን ወደ ኋላ ሲገፋው ነው። ጥይቱ ደካማ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ጨውህን ስፈር፤ ጠመንጃውን ለእኛ ተው» አለው። እኔ ገንዘቡን ቆጥሬ ከፈልኩ። በእናት ወንድም ፊት መልስ አይሰጥም።

የፋብሪካ ጥይት በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ቀለህ ለቅመን፣ እቤት በወቀጥነው ባሩድ ነበር የምንሞላው። ያ ባሩድ ይጮኻል እንጂ ትከሻ አይገፋም። አጎቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ባሩድ መውቀጥ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ደሃና ካለው ቤታችን በላይ ነብር ፍየል ለምዶብን ነበር። አንድ ማለዳ ከሚስቴ ወንድም ጋር ገደሉ ሥር ጠበቅነው። መጣ። ተኮስኩ፤ ጎኑን አገኘሁት። ዞሮ አማቼ ላይ ሮጠ። ምላጩን ሳብኩ፤ ላልቶ ዝም አለ። ደግሜ ሳብኩ። ነብሩ የአማቼን ትከሻ ቦጫጭቆ፣ ውሾቻችን ሲደርሱበት ሄደ። የአማቼ ክንድ እስከ ዛሬ ከደረቱ በላይ አይነሳም።

እሱ አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። አጎቴ ግን በየለቅሶው፣ «መሣሪያውስ ምርጥ ነበር፤ የከዳው እጁ ነው» ይላል። አዝማሪው ይህን ሰምቶ በሠርግ ላይ አወጣው፦

በአንዱ አፍ ጮኾ በሌላው ዝም አለ፣
ነብር ሲመጣበት ልቡ ኮበለለ።

በእኛ አገር ፈሪ የተባለ ሰው ሽማግሌ ፊት ቃሉ እንኳ አይደመጥም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር እንደተቀመጡ፣ ጠመንጃውን በቤት ጥይት አጉርሼ ለአጎቴ ሰጠሁት። «አያ፣ ያንን ድንጋይ ይምቱልኝ፤ ሁለቴ።»

የፊተኛው ጮኸ። ከዚያ ሳበ። ሳበ። ጥርሱን ነክሶ ሳበ።

«ምነው አያ፣ የእርስዎም ልብ ኮበለለ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። ጥዱ ሥር ሳቅ ሆነ።

አጎቴ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ፣ «ጥይቱ ነው እንጂ ምርጫዬስ ልክ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ያ ሁሉ ሰው አየ። በሚቀጥለው ሠርግ አዝማሪው ያንኑ ዘፈነ። ይዤው፣ «ነገሩ የምላጩ እንደሆነ ሰምተሃል አይደል?» ስለው፣ «ሰምቻለሁ ወንድሜ። ግን ግጥሙ ቤት ይመታል፤ ምን ላድርገው?» አለኝ።

ጠመንጃውን በባለ ሁለት ምላጭ ለወጥኩት። ዘፈኑን የሚለውጥልኝ ገበያ ግን አላገኘሁም። ባለፈው ክረምት ልጄ እህል ስትፈጭ ስታንጎራጉረው ሰማሁ፤ ስለ ማን እንደተዘፈነ አታውቅም። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆች ወልጄ ነው፤ እሷ ግን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እውነቱን እዚህ ታንብበው። ያን ማለዳ ምላጩን ስቤዋለሁ።