ብድግ ያለው አልጋ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ከተኛ ሌላው መራመጃ አልነበረውም። አዳማ ያኔ ባቡር የወለዳት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ አባቴ ጣቢያው መጋዘን ዕቃ ጫኝና አውራጅ ስለነበር ከሐዲዱ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ጭቃ ቤት እሱና እናቴ፣ እኔና ታናናሾቼ ተጠጋግተን እንኖር ነበር። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው አፈር ይረግፍብናል።

እዚያች ቤት ላይ ነው አባባ ቱፋ የመጡት። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ወላጆቹ ሲሞቱበት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። በሚኖሩበት በሁሩታ ከተማ ሚስታቸው ባረፉ ጊዜ አባቴ ሄዶ «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት» ብሎ በበቅሎ አመጣቸው። እሱና እናቴ አንዷን አልጋችንን ለቀውላቸው መሬት ተኙ። ሽማግሌው ግን አልተመቻቸውም። የባለቤቱን አልጋ ነጥቆ መተኛት ለእሳቸው ነውር ነበር፤ እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅነት ወደ ብረትነት እንደሚወርድም ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

እኛ ልጆች ግን ወደድናቸው፤ ነፍሳችንን የማረኩት በተረታቸው ነው። ሲመሽ እናቴ የምድጃውን ፍም ትቆሰቁሳለች፣ ኩራዙ ጥግ ላይ እየጨሰ ይበራል፣ እሳቸው «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። አንድ ምሽት የኤሊን ተረት አወሩልን። ዝናብ ያበሰበሳት ጥንቸል ኤሊ ዘንድ ሄዳ «አስጠጊኝ» ብትላት ኤሊ እንባዋ መጣ፤ «እህቴ፣ ቤቴ እኮ ከጀርባዬ አይሰፋም» አለቻት።

«ኤሊ ክፉ ሆና አይደለም» አሉ አባባ ቱፋ ፍሙን እያዩ። «ቤቷ ጠቦ ነው። ጥንቸልም አልተቀየመችም፤ መንገዷን ቀጠለች።»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ሽማግሌው፣ የሁሩታ እህል ነጋዴዎች ከገበያ ሲመለሱ አብሬ እሄዳለሁ አሉ። ሁሩታ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳልነበረ እኔም አውቅ ነበር።

አባቴ አናጢ አልነበረም፤ እልኸኛ ግን ነበር። መጋዘኑ የጣላቸውን የላምባ ሳጥኖች ተሸክሞ እያመጣ ፈታቸው፤ ቤቱ ሁሉ ላምባ ላምባ ሸተተ። ጣውላዎቹን ገጣጥሞ ረጅም ሳንቃ ሠራና አንድ ጎኑን ከግድግዳው ጋር በበሬ ጠፍር አሰረው፤ የብረት ማጠፊያ ያኔ ከየት ይመጣል? ሲዘረጋ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ ነው፤ ሲታጠፍ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። ከሁሉ ይበልጥ የኮራው ግን በጣሪያው እንጨት ላይ በገመድ አሳልፎ ባንጠለጠለው ድንጋይ ነበር። ሰው ከሳንቃው ሲነሳ ድንጋዩ ይወርድና ስቦ ራሱ ያጥፈዋል፤ ቤቱም ወዲያው ይለቀቃል።

ነጋዴዎቹ በሚሄዱበት ዋዜማ፣ አባባ ቱፋ ባቡር ሊያዩ በወጡበት፣ እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበችና እኛ ልጆች ሳንቃው ላይ ተደርድረን ቆሎ እየበላን፣ አባቴም ጥግ ይዞ ቆሞ፣ ጠበቅናቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ ሲሉ ሁላችንም እንደ ወጉ «ኖር!» ብለን ብድግ አልን።

ሳንቃውም ብድግ አለ። ቆሎው ዘነበብን፣ የእትዬ ዘነበች ነጠላ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ምስኪን አባቴ! የእንጨቱን ክብደት፣ የገመዱን ርዝመት፣ ሁሉን አስቦ ሽማግሌ ሲገባ መነሳታችንን ብቻ ረስቶ ነበር። አንገቱን ደፋ።

«በእግዜር!» አሉ አባባ ቱፋ ከደጃፉ። «ሰው ሲነሳልኝ ኖሬአለሁ፤ አልጋ ሲነሳልኝ ግን ዛሬ ገና ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ብቻ ቀና ሳይል «አባባ፣ ነጋዴዎቹ ይለፉ። እስከ ነገ ማታ ይታገሡኝ» አላቸው።

«ይህን ሁሉ ጣጣ ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለእርስዎ ያልሠራሁ ለማን ልሠራ?»

ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በማግስቱ አባቴ ድንጋዩን አውርዶ ጣለና ሳንቃው ሲታጠፍ ግድግዳው ላይ የሚይዘው የእንጨት መሸጎሪያ አበጀለት፤ ከዚያ ደርድሮ አስቀምጦን «ኖር በሉ!» እያለ ደጋግሞ አስነሳን። ሳንቃው ንቅንቅ አላለም። ያን ምሽት አባባ ቱፋ የማንንም አልጋ ሳይነጥቁ በራሳቸው አልጋ ጋደም አሉ። ፍሙ ሊከስም ሲል፣ ተረት ጠይቆ የማያውቀው አባቴ ከጨለማው ውስጥ «አባባ፣ ኋላስ ኤሊዋ ምን ሆነች?» አለ።

«ኤሊዋማ» አሉ፣ «አናጢ ሆነች። ጥንቸልም መንገዷን ተወችው።»

ሽማግሌው ከዚያ ቤት ሬሳቸው እስኪወጣ ድረስ አልወጡም። ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፤ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የኤሊዋ ግን አብራኝ አለች። ሰው «ዘመድ መጣብኝ፣ ቤቴ ደግሞ ጠባብ ነው» ብሎ ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር የዚያ ላምባ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ ሳልወድ በግዴም «እንጨት ጠፋ ወይ?» እለዋለሁ።