ቫርኒሹ ያልደረቀ ውጅግራ

የአማቴ ውጅግራ እጄ ሲገባ ጠመንጃ አልነበረም፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የገባ ቅራቅንቦ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀበት ክረምት የቤታቸው ምሰሶ ወድቆበት ሰደፉ ከአንገቱ ተገንጥሏል። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር አቅፈው የሚይዙት ቀለበቶች የሉም። ዝገቱስ? ዝገቱማ ቢታረስ ጤፍ ያበቅል ነበር።

አማቴ ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከረጢቱን እግሬ ሥር አስቀመጡና፣

«ይኸውልህ፣ ተኩስ አልጠየቅሁህም» አሉኝ። «ጥይቱም ከአገር ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ብቻ ሰው እንዲመስል አድርግልኝ። እኔ የሞትሁ ዕለት ለቅሶው ላይ ይኸን ስባሪ ይዘው ቢዞሩ፣ መቃብር ውስጥ ሆኜ ነው የማፍረው።»

በእኛ አገር የወንድ ለቅሶ ያለ ጠመንጃው አይደምቅም። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አልቃሽ ከመናገሯ በፊት ጠመንጃው ይናገራል። አማቴ ደግሞ ሞትን አይፈሩም፤ የሚፈሩት የጎረቤት አፍ ነው። እኔም «አባባ፣ ይህን ጠመንጃ የሠራው ፈረንጅ ራሱ ቢያየው እንዲቀና አድርጌ አመጣልዎታለሁ» አልኋቸው። ከዚያ በፊት የጠገንሁት ትልቁ ነገር የዶሮ ቤት በር ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እንጀራዬ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ማሠራት ነው። ከሰዓት ወፍጮው ሲያርፍ ጓሮ ገብቼ ከጠመንጃው ጋር ትግል እገጥማለሁ። ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ በሩዝ እብቅ አሸሁት። የሩዝ እብቅ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ቆዳው ያውቀዋል። ብረቱ በርሜል ሙሉ እብቅ ውስጥ ተቀብሮ ሲሰነብት ባለቤቴ መጥታ አየችው።

«ወይ አንተ ሰውዬ! አባቴ ሳይቀበር ጠመንጃውን ቀበርኸው?»

«ይነሣል» አልኋት። «ከአባትሽም አምሮ ይነሣል።»

ለሰደፉ እንጨት የጓዳውን አሮጌ የዋንዛ በር ነቀልሁ። የጥንት ሰው በር ሲሠራ ለጅብ እንጂ ለሰው አያስብም ነበር፤ ሳንቃው የበሬ አንገት ያህል ውፍረት አለው። በመጥረቢያ ጠረብሁ፣ በመሮ ፈለፈልሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። የመጀመሪያው ሰደፍ ማማሰያ መሰለ። ሁለተኛው ደግሞ የጀልባ መቅዘፊያ። ሦስተኛው ግን፣ ራሴን ላሞግስና፣ ጉንጭ ሲያስደግፉበት እንቅልፍ የሚያመጣ ነበር። ቀለበቶቹን አንድ ባለ እጅ ቀጥቅጦ ሠራልኝ። እሱም እየሣቀ ነው የሠራልኝ።

«እንዲያው ጋሼ፣ ይኸ ነገር ጠላት ቢመጣ ምን ያደርጋል?»

«ጠላት ውበቱን ሲያይ ቆሞ ይቀራል፤ ያኔ በዱላ ነው።»

የቀረው ቫርኒሽ ነበር። መጀመሪያ የቀባሁት ደረቀ፣ የደረብሁትም ደረቀ። እኔ ግን መቼ ጠገብሁ! ለአማቴ የማስረክብበት ቀን ጠዋት፣ «ትንሽ ያብለጭልጭ» ብዬ ደግሜ ቀባሁት። የፎገራ አየር ከክረምት ማግሥት እንኳን ቫርኒሽ የታጠበ ነጠላም አያደርቅ። ባለቤቴ በማለዳ ወደ አባቷ ቤት ቀድማኝ ሄዳለች፤ «ይበቃል፣ ተው» የሚለኝ ሰው የለም።

ባጃጁ መኪና መንገዱ ላይ አወረደኝና በሩዙ ማሳ መካከል በእግሬ ገባሁ። ጠመንጃውን እንደ ወጉ ባነግተው እርጥቡ ሰደፍ ልብሴ ላይ ሊጣበቅ ነው። ስለዚህ ገለበጥሁት፤ አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ሰደፉ ከትከሻዬ በላይ፣ ነፋስ እየመታው። በብልሃቴ ራሴን አደነቅሁ። ዓይኔ ከቫርኒሹ ሽታና ከእንጨቱ ብናኝ የተነሣ በርበሬ መስሎ ያለቅሳል። ጋቢዬ እንዳይቆሽሽ ወገቤ ላይ አሸርጬዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የአገራችንን ወግ የምታውቅ ከሆንህ አሁን ራስህን ይዘሃል። የማታውቅ ከሆንህ ልንገርህ፤ ጠመንጃ ተዘቅዝቆ የሚነገተው ባለቤቱ ሲሞት ብቻ ነው። ተወልጄ ያደግሁበትን ልማድ ረስቼ አልነበረም። ጭንቅላቴ ውስጥ ከቫርኒሽ በቀር ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ስፍራ ስላልነበረ ነው።

ከማሳው ማዶ የአማቴ ጎረቤት የሆነች ሴት አረም ላይ ነበረች። አየችኝና ቀና አለች። ጠመንጃውን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ፀሐዩ የበረታባት መስሎኝ «አዎ፣ ከባድ ነው» በሚል አንገቴን ነቀነቅሁላት። የነቀለችውን አረም ጥላ ሮጠች። እኔ ዜማዬን እያፏጨሁ፣ ሰደፉን በየጊዜው በጣቴ እየነካሁ፣ ቀስ ብዬ ተከተልሁ።

ቤቱ አጠገብ ስደርስ ለቅሶው ይሰማል። ግቢው ሞልቷል፤ ንፍሮ የሚጥዱ ጎረቤቶች እሳት እያያያዙ ነው። ባለቤቴ መሬት ላይ ወድቃ «አባቴን! አባቴን!» ትላለች። አባቷ ጠዋት ከብት ይዘው እንደወጡ አልተመለሱም ነበርና፣ ሴትዮዋ «ጠመንጃው ተዘቅዝቆ መጣ» ስትላት ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

እኔስ? እኔ ያመጣሁትን ወሬ እኔው አመንሁት! አማቴ እውነት የሞቱ መሰለኝ። አንድ ቀን ቀድሜ፣ ትናንት ደረቁን ባመጣላቸው ኖሮ! ሰውዬው ጠመንጃቸውን ሙሉ ሆኖ ሳያዩት ሄዱ፤ እኔ ለማብለጭለጭ ስል። ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ጠመንጃውን ከላዬ ተቀበሉና እንደተዘቀዘቀ ይዘው ዞሩበት። አንዲት አልቃሽም አየችውና ወዲያው ሙሾውን አወረደችው፤

ስባሪው ጠመንጃ ዛሬ ድኖ መጣ፣
ጌታው ተሰበረ ጠጋኝ ከየት ላምጣ።

ግቢው በዋይታ ሲናወጥ አማቴ ከብቶቻቸውን ከወንዝ ነድተው ብቅ አሉ። ገና ከአጥሩ ማዶ ደጃቸው ላይ ለቅሶ ሰሙ፤ ዱላቸውን ወረወሩና «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያሉ በሩን ገቡ። ደረት እየመቱ ከሕዝቡ መካከል ደረሱ። ለቅሶው ልክ ወፍጮ ሲጠፋ እንደሚሆነው ረጭ አለ።

ባለቤቴ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱና፣

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ሽማግሌው ጠመንጃውን እንደዘቀዘቁ ቆመው ቀሩ። አማቴ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይኔን ጠርጌ፣

«አባባ፣ ቫርኒሹ እንዳይነካ ብዬ ነው» አልሁ።

አንድ ሰው ሣቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ከሁሉ የበለጠ ሲያለቅስ የነበረው በማሳ ድንበር ሁልጊዜ የሚጨቃጨቃቸው ጎረቤታቸው ነበር። አማቴ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተም አለቀስህልኝ?»

«ምን ላድርግ! የአንተን ጭቅጭቅ ለምጄዋለሁ፤ ከልጆችህ ጋር ደግሞ እንደ አዲስ ልጀምር?»

አማቴ ጠመንጃቸውን ከሽማግሌው እጅ ተቀብለው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀኑት። ቀለበቶቹን ነካኩ፣ ዋንዛውን አገላበጡ፣ ጉንጫቸውን አስደግፈው በአንድ ዓይናቸው ወደ ሜዳው አነጣጠሩ።

«ሰው መስሏል» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ወገባቸውን በነጠላቸው አሰሩና ጠመንጃውን ከፍ አድርገው፣ ሊያለቅስላቸው በመጣው ሕዝብ ፊት ራሳቸው ፎከሩ። አልቃሿ በእልልታ ተቀበለቻቸው። ንፍሮው ደግሞ ተጥዶ ነበርና ወጣ፤ የራሳቸውን ንፍሮ ከሁላችን ቀድመው የዘገኑት አማቴ ናቸው። «ጨው አንሶታል፤ የእውነቱ ዕለት እንዳትደግሙት» አሉ።

ሲቀመጡ መዳፋቸውን ከሰደፉ ላይ ማላቀቅ አቃታቸው፤ ሲላቀቅም ጣቶቻቸው በሙሉ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ታትመው ቀሩ። እኔ ተነሥቼ፣

«አባባ፣ ይስጡኝ፤ ነገ ወረታ ወስጄ አለስልሼ እንደገና ልቀባው» አልሁ።

ጠመንጃውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተወው አንተ ልጅ። እንደገና ዘቅዝቀህ አንግተኸው መንገድ ብትገባ የዛሬውን ሁሉ ሰው ማን ያበላልኛል?»